ለአራት ሐኪም የሚሆን የዲዩቲ (የአዳር ተረኝነት) ፕሮግራም ያለው ይርዳኝ

በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የዲዩቲ ፕሮግራም የምታወጡ ባልደረቦች፣ መላ አጣሁ። ያሉን ጠቅላላ ሐኪሞች አራት ናቸው። በ30 ቀን ወር ለእያንዳንዱ ሰባት ወይም ስምንት ዲዩቲ ይደርሰዋል፤ ይህ ራሱ ባልከፋ። የሚያጣብቀው ማግስቱ ነው። ያደረው ወደ ቤቱ ሲገባ ሦስት ይቀራሉ፦ አንዱ ተመላላሽ፣ አንዱ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል)፣ አንዱ ድንገተኛና ማዋለጃ። ከእነዚህ አንዱን ፍርድ ቤት ለምስክርነት ከጠራው (የጉዳት ማስረጃ የፈረመ ሐኪም መጥሪያ አያጣውም) ያደረው እረፍቱን ያጣል፤ ከ30 ሰዓት በላይ ሳይተኛ የሕፃናት መድኃኒት መጠን ሊያሰላ ነው። አንዱ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ደግሞ ዲዩቲው አሥር አሥር ይሆናል።

ሌሊቱን ከስድስት ሰዓት ላይ ለሁለት መክፈል ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ በርክክቡም ያልደረሰ የላብራቶሪ ውጤት ባለቤት አልባ ይሆናል። «ያደረው ዋርድ ዙሮ (ታካሚዎቹን አይቶ) አራት ሰዓት ላይ ይውጣ» የሚለውም ወረቀት ላይ ብቻ ያምራል፤ ዙሩ እስከ ምሳ ይጎተታል።

አንድ ሐኪም ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ብቻ የሚሠራበትን አሠራር በአራት ሰው የሞከረ አለ? ከሳምንቱ በኋላ ስንት ቀን አሳረፋችሁት? እሱ ሲያርፍ ሌላው ሌሊቱን ስለሚይዝ፣ ቀኑንስ በቀሩት ሁለት ሐኪሞች እንዴት ሸፈናችሁት? የዲዩቲ ክፍያውን ፋይናንስ እንዴት እንደተቀበለውም ብትጨምሩልኝ፤ አስቀድሞ ያልጸደቀ ቅያሪ እኛ ጋ አይከፈልም።