ክርክር፦ ከስንብት ወረቀት ላይ የጎደለ ሜዳሊያ፣ የማስረዳት ሸክሙ የማን ይሁን?

አወያይ፦
በአሜሪካ ጦር አገልግሎ የተሰናበተ ሰው በስንብት ወረቀቱ ላይ፣ ማለትም በዲዲ 214 ላይ፣ የሚገባው ሜዳሊያ ሳይጻፍ ቢቀር አመልካቹም አስረጂውም ራሱ ነው። ጦሩ ራሱ ፈልጎ ማረም አለበት የሚሉ አሉ። ሸክሙ ከአመልካቹ መነሳት የለበትም የሚሉም አሉ። ለማመልከቻው የተቀመጠው የ3 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም የጊዜ ገደቡም፣ አብሮ ለውይይት ይቅረብ። የየራሳችንን ጉዳይ ትተን አሠራሩን እንነጋገርበት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማህደር፦
ጦሩ ራሱ ማረም አለበት ባይ ነኝ። ሽልማት የሚጎድለው ሁልጊዜ ጸሐፊ ስለሚሳሳት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሰውየው ከተሰናበተ በኋላ ስለተፈቀደ ነው። የደቡብ ቬትናም መንግሥት ለጦር ክፍሎች የሰጠውን ባለ ዘንባባ የጀግንነት መስቀል ተመልከቱ። በቬትናም ለነበሩት የአሜሪካ ምድር ጦር ክፍሎች በጅምላ የተመዘገበው በ1974 በወጣው ጠቅላይ ትእዛዝ ቁጥር 8 ነው። በ1968 የተሰናበተ ወታደር ወረቀት ላይ ከየት ይመጣል? የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ ሕጉ የወጣው በ2002 ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ከጁላይ 28 ቀን 1954 ጀምሮ ያገለገሉትን ይሸፍናል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለተባባሪዎቹ የሰጠውን የጦርነት ሜዳሊያ ደግሞ አሜሪካ ወታደሮቿ እንዲቀበሉት የፈቀደችው በ1999 ነው፤ በኮሪያ ጦርነት ተኩስ ከቆመ ከ46 ዓመት በኋላ።

ትእዛዙ በጦሩ እጅ ነው። የክፍሎቹ ዝርዝርም፣ ማህደሩም በመንግሥት እጅ ነው። ታዲያ ቅጽ መሙላት ያለበት ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሚዛን፦
ስለ ክፍል ሽልማቶች ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን «ሽልማት» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር አለ። በቦታውና በጊዜው በመገኘት ብቻ የሚገኝ አለ፤ አዛዥ ጽፎ ያቀረበው፣ የበላይ ያጸደቀውና ቁጥር ባለው ትእዛዝ የወጣም አለ። ለጦር ሜዳ ጀብዱ የሚሰጠው ሲልቨር ስታር ከሁለተኛው ወገን ነው። ትእዛዝ ከሌለ ሽልማቱ ራሱ የለም፣ የሚታረም ስህተትም የለም።

በጠላት ለቆሰሉ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። አዛዥ እንዲያቀርብለት አያስፈልግም፤ ሦስት ነገር ግን መረጋገጥ አለበት፦ ቁስሉ በጠላት ድርጊት የደረሰ መሆኑ፣ የሕክምና ባለሙያ ማከሙ፣ ሕክምናው በመዝገብ መስፈሩ። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ማመልከቻው ይወድቃል። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ሜዳሊያው በቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ቅድሚያ ያሰጣል፤ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ለቆሰሉት ሙሉ የትምህርት ድጎማ ያስገኛል፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ የጦር መቃብር በክብር ለመቀበርም መብት ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚያስገኝ ወረቀት በአመልካቹ ቃል ብቻ ሊታረም አይገባም።

በቅን ልቦና የሚፈጠር ስህተትም ብዙ ነው። ቤተሰብ በማህደሩ ላይ «የነሐስ ኮከብ» የሚል አንብቦ ለጀብዱ ወይም ለላቀ አገልግሎት የሚሰጠውን ብሮንዝ ስታር ሜዳሊያ ተከልክለናል ብሎ ያመለክታል። ብዙውን ጊዜ የተጻፈችው በዘመቻ ሜዳሊያ ጥብጣብ ላይ የምትሰካው የ3/16 ኢንች ኮከብ ናት። እያንዳንዷ ኮከብ የምትቆጥረው ዘመቻን እንጂ ጀብዱን አይደለም።

ማህደር፦
ሁለት ወገን ብለው የከፈሉት በተግባር አይጸናም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 እስከ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ባለው ጊዜ የውጊያ እግረኛ ባጅ የተሰጠው ወታደር በባጁ ብቻ ብሮንዝ ስታር ይገባዋል፤ የጦሩ ደንብ ራሱ ይላል። የማንም አዛዥ ማቅረቢያ አያስፈልገውም። ብዙ ባለ ባጆች ግን በወረቀታቸው ላይ ባጁ ተጽፎ ሜዳሊያው የለም። ይህን ለማረም ሰነዱን ማንበብ ብቻ ይበቃል።

የመልካም ጠባይ ሜዳሊያንም ይጨምሩ። በመደበኛው 3 ዓመት ተከታታይ ንጹሕ አገልግሎት ይጠይቃል፣ አዛዡም ማጽደቅ አለበት። ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ሲሰናበት ትእዛዙን የጻፈለት ከሌለ ቀረ ማለት ነው። የከለከለው አዛዥ የለም፤ የረሳው እንጂ።

ጥያቄ አለኝ፦
እባካችሁ ከመቀጠላችሁ በፊት መንገዱን ንገሩን። አንድ ቤተሰብ ዛሬ ቢጀምር ከየት ይጀምራል?

ችሎት፦
ከሙሉ ማህደሩ ይጀምር። ጥያቄው የሚቀርበው በኤስኤፍ 180 ቅጽ ወይም በኢንተርኔት፣ ሴንት ሉዊስ ሚዙሪ ላለው የጦር ሠራተኞች መዛግብት ብሔራዊ ማዕከል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 214ቱን ብቻ በመጠየቅ ነው፤ የጎደለበትን ወረቀት መልሶ ይቀበላል። «ሙሉ ማህደር» ተብሎ ይጻፍ። ፊርማና ቀን ያልሰፈረበት ጥያቄ ተመላሽ ይሆናል። ወታደሩ ካረፈ የሞቱ ማስረጃ ይያያዛል፤ መጠየቅ የሚችለውም ዳግም ያላገባች ወይም ያላገባ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ነው። የልጅ ልጅ በዚህ ውስጥ የለም። ከስንብቱ 62 ዓመት ካለፈ ግን ማህደሩ ለሕዝብ ክፍት ይሆናልና ማንም ይጠይቃል፤ በዚህ ጊዜ ክፍያ አለው፦ እስከ 5 ገጽ 25 ዶላር፣ ከዚያ በላይ 70 ዶላር።

ማህደሩ ሲመጣ ከ214ቱ ጋር ጎን ለጎን ይነበብ። በቬትናም ዘመን ለነበረ የምድር ጦር ወታደር ዋናው ሰነድ ዲኤ ቅጽ 20 ነው፦ ተራ ቁጥር 38 የተመደበባቸው ክፍሎች ከነቀናቸው፣ 39 ዘመቻዎች፣ 40 ቁስል፣ 41 ሽልማቶች። 40 ላይ ቁስል ተጽፎ 41 ላይ ፐርፕል ኸርት ከሌለ ጥሩ መነሻ ነው። ምደባውና ቀኑ ከተገኘ ክፍሉ በዚያ ጊዜ የተሸለመውን ከጠቅላይ ትእዛዞች ማመሳከር ይቻላል።

ማስረጃው ማህደሩ ውስጥ ካለ ወደ ጦር መዝገብ ማረሚያ ቦርድ መሄድ አያስፈልግም። በአስተዳደር መንገድ ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ይወጣል። 214ቱ ላይ ምንም አይነካም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይያዛሉ። 215ቱን የጣለ ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና «ጎደለ» ብሎ ሲያመለክት ይገኛል።

በአስተዳደር እምቢ ከተባለ ዲዲ 149 የሚባል የማመልከቻ ቅጽ ተሞልቶ ለማረሚያ ቦርዱ ይሄዳል። ምድር ጦር የራሱ አለው፤ ባሕር ኃይልና ማሪን በአንድ፣ አየር ኃይልና ስፔስ ፎርስ በአንድ፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለብቻው። የአስተዳደሩን በር ሳያንኳኩ በቀጥታ ወደ ቦርድ የሄዱ ይመለሳሉ። ቦርዱ ምርመራ አይከፍትም፤ ባቀረብከው ወረቀት ይፈርዳል። መነሻው «ጦሩ ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል» የሚል ግምት ነው፣ ያንን በተሻለ ማስረጃ ማፍረስ የአመልካቹ ፈንታ ነው። ሕጉ ከጉዳዮቹ 90 በመቶው በ10 ወር፣ ሁሉም በ18 ወር እንዲያልቁ ይላል።

ማህደር፦
ያ ግምት ነው የሚያንገበግበኝ! ጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው ያው ማዕከል ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማህደር ጠፋ። ከ1912 እስከ 1960 ከተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት 80 በመቶው፤ ከ1947 እስከ 1964 ከተሰናበቱት የአየር ኃይል አባላት፣ በፊደል ተራ «ሀባርድ፣ ጄምስ ኢ.» ከሚለው ስም በኋላ ካሉት፣ 75 በመቶው። ቅጂ አልነበረም፣ ማይክሮፊልም አልነበረም፣ ማውጫ እንኳ አልነበረም። እንግዲህ ወረቀቱን ሲጠብቅ የነበረው መንግሥት ነው፤ ወረቀት አምጣ የሚባለው ወታደሩ። በአግባቡ ተሠርቷል የሚለው ግምት በተቃጠለ ማህደር ላይ እንዴት ይቆማል? የተቃጠለበት ሰው በመሐላ የተረጋገጠ የምስክር ቃል ካቀረበ፣ ሐሰት ነው ብሎ ማስረዳት የጦሩ ፈንታ መሆን አለበት።

ሚዛን፦
እሳቱ በደል መሆኑን የሚክድ የለም። ግን ሁሉን አልበላም። የመጨረሻ ደመወዝ መክፈያ ሰነዶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተርፈዋል፤ ከነሱ የአገልግሎት ዘመንና የስንብት ቀን ይገኛል። የየሻምበሉ የማለዳ ሪፖርት አለ። ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ያሉ የሆስፒታል መግቢያ መረጃዎች አሉ። ብዙዎች ስንብታቸውን በካውንቲ ጽሕፈት ቤት አስመዝግበዋል፣ የክፍለ ግዛቶች የጦር ጽሕፈት ቤቶችም ቅጂ ይይዙ ነበር። ለአካል ጉዳት ያመለከተ ሰው በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሌላ ፋይል አለው። ማዕከሉ ኤንኤ 13075 የሚባለውን መጠይቅ የሚልከው እነዚህን ለማሰስ ነው።

መጠይቁ ላይ ግን «ሬጅመንት» ብቻ ጽፎ መመለስ ዋጋ የለውም። የማለዳ ሪፖርት የሚታሰሰው በሻምበል ነው፤ የሻምበሉ ፊደልና ወሩ ያስፈልጋል። ሪፖርቱ የሁሉን ስም በየቀኑ አይዘረዝርም፤ የሚጽፈው ሁኔታው የተለወጠውን ነው፦ የመጣውን፣ የሄደውን፣ የቆሰለውን፣ ሆስፒታል የገባውን። ለፐርፕል ኸርት የሚፈለገውም ያቺ አንድ መስመር ናት። የሆስፒታሉ መረጃ የሚፈለገው በስም ሳይሆን በውትድርና ቁጥር ነው። በምድር ጦርና በአየር ኃይል ያ ቁጥር በ1969 በሶሻል ሴኩሪቲ (በማኅበራዊ ዋስትና) ቁጥር ስለተተካ፣ ከዚያ በፊት ላገለገለ ሰው አሮጌው ቁጥር ይፈለግ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ ላይ ተቀርጿል።

ማህደር፦
ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል፤ ባሏ የሞተባት ሴት አታውቀውም። የተረፈውን ሰነድ ማሰስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሙያ ነው። ሸክሙ ይዛወር የምለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ አለኝ፦
የ3 ዓመቱ ይርጋስ? ከ50 ዓመት በኋላ የሚያመለክት ሰው ተስፋ አለው?

ችሎት፦
አለው። የሚቆጠረው ከስንብቱ ሳይሆን ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ነው፤ ያም ቢያልፍ ለፍትሕ ሲባል ቦርዱ ይርጋውን ሊያልፈው ይችላል። ቅጹ ስህተቱ መቼ እንደታወቀና ለምን እንደዘገየ ይጠይቃል። ያን ቦታ ባዶ መተው ራስን መጉዳት ነው። ስለ ትእዛዙ ያወቁት ማህደሩ ሲደርሳቸው ከሆነ ያን ቀን ይጻፉ።

ትእዛዝ ያልወጣለት የጀብዱ ሽልማት ግን ሌላ መንገድ አለው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ክፍል 10፣ አንቀጽ 1130 መሠረት ጊዜው ያለፈበት የሽልማት ማቅረቢያ በአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) አባል በኩል ይቀርባል። በምድር ጦር ዲኤ 638 የሚባለው የሽልማት ማቅረቢያ ቅጽ ይሞላል፣ ድርጊቱን በዓይኑ ያየ ሰው ቃል ይያያዛል። ይህን ከመዝገብ ማረም ጋር የሚያደባልቅ ማመልከቻ ሁለቱንም ያጣል።

ማህደር፦
ለክፍል ሽልማት ምስክር አያስፈልግም። ታዲያ ይርጋው ምን ይሠራል? ጊዜዬ አልፏል ብሎ የሚቀር ሰው ከማብዛት በቀር።

ሚዛን፦
ለክፍልና ለዘመቻ ሽልማቶች ይርጋው ቢነሳ አልቃወምም። በጀብዱና በቁስል ላይ ግን ይቆይ፤ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ እንዲያመለክቱ ይገፋፋል። ጦሩ ሁሉንም ራሱ ይፈትሽ በሚለው ላይም ጥያቄ አለኝ። አሮጌዎቹ ማህደሮች በመደርደሪያ ያሉ ወረቀቶች ናቸው። «በ1967 ቬትናም የነበሩትን አውጣ» የሚባል ማሽን የለም፤ ሣጥን በሣጥን በሰው እጅ መከፈት አለባቸው።

ማህደር፦
ሣጥኑ በየቀኑ ይከፈታል እኮ። ሰው ለቤት ብድር፣ ለቀብር፣ ለጡረታ ማህደር ይጠይቃል። ሠራተኛው ማህደሩን ባወጣበት እጁ ምደባውን ከትእዛዞቹ ዝርዝር ጋር ያመሳክር፣ የጎደለ ካለ 215 ይውጣ፣ ከተጠየቀው ሰነድ ጋር አብሮ ይላክ። አመልካቹ ስለ ሜዳሊያ አንድ ቃል ባይጽፍም።

ሚዛን፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን 215ቱ ላይ የትእዛዙ ቁጥርና ዓመት አብሮ ይስፈር። አሁን የሽልማቱ ስም ብቻ ሲጻፍ የሚቀጥለው መሥሪያ ቤት ከየት እንደመጣ ማጣራት አይችልም። የተቃጠለው ማህደር ላይ ግን አልተስማማንም፤ የምስክር ቃል ብቻውን ለፐርፕል ኸርት ይበቃል አልልም።

ማህደር፦
እኔም ብቻውን አላልኩም። የማለዳ ሪፖርቱን ጦሩ ይፈልግ፤ ፈልጎ ካጣ በጽሑፍ «አጣሁ» ይበል፤ ከዚያ በኋላ ምስክሩ ይሰማ።