ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዴስክቶፕ ገጣጥሜ አላውቅም፤ ለቪዲዮ ሥራ ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ባለ ትሪፖድ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። በ2004 ዓ.ም. በኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬ ፕሮሰሰር፣ በ8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራምና በጂቲኤክስ 560 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ አንድ ዴስክቶፕ ገጣጥሜ ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል ዝርዝሩን ሳላነብ አላድርም ነበር፤ ኋላ ግን የሠርግና የምርቃት ቀረጻ ጊዜዬን ሁሉ ስለወሰደው ከነገሩ ጨርሶ ራቅሁ። ማሽኑ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ከመለወጤ በቀር እንደነበረ አለ፤ እስካሁንም ሥራዬን ሳያስተጓጉል ቆይቷል።

አሁን ሁለት ነገር ተደራርቦብኛል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ ሲሆን፣ የእኔ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው መካከል አይደለም። ከዚህ በላይ ያስቸገረኝ ግን አዲሱ ካሜራዬ ነው፤ በ4ኬ፣ በኤች.265 (ቪዲዮን አጥብቆ በሚጨምቅ ዘዴ)፣ በ10 ቢት 4፡2፡2 (የቀለም መረጃን ከተለመደው አብዝቶ በሚይዝ ዓይነት) የቀረጸውን ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ታይምላይን ላይ ሳስገባው ምስሉ እየተቆራረጠ ስለሚሄድ፣ አንድ ሠርግ ቆርጬ ከመጀመሬ በፊት ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ፕሮክሲ (ለቆረጣ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) ሲያዘጋጅ ማደር አለበት።

እህቴ በቅርቡ ከሜሪላንድ ስለምትመጣ ዕቃ ልታመጣልኝ ፈቃደኛ ናት፤ ይሁንና የሻንጣዋን ቦታ መሻማት አልፈልግም። የትኛው ዕቃ ከዚያ ይምጣ፣ የትኛው ከዚህ ይገዛ? የድሮው ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ያገለግላሉ? ፕሮሰሰሩስ የማን ይሁን? ስሞቹ ሁሉ ተለዋውጠው ስለጠበቁኝ፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ታይምላይን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደህና ተመለሱ። ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ ፈጣኑ ፕሮሰሰር የቱ ነው ብሎ ይጀምራል፤ እርስዎ ግን ካሜራዎ በምን ዓይነት እንደሚቀርጽ ስለጻፉ፣ ለመልሱ የሚያስፈልገውን ዋናውን ነገር ሰጥተውናል።

10 ቢት 4፡2፡2 ኤች.265 እጅግ የተጨመቀ ቪዲዮ ነው። ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ፍሬም በራሱ ስሌት እንዲፈታ ከተተወ ጠንካራው እንኳ ይጨነቃል፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ የቺፕ ክፍል ሲኖር ግን ያው ቪዲዮ ያለ ፕሮክሲ ይሄዳል። ችግሩ ይህ ክፍል በሁሉም ዘንድ አለመኖሩ ነው። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ላይ አካቶታል። ኤንቪዲያ 4፡2፡2ን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2025 በወጡት የአርቲኤክስ 50 ግራፊክስ ካርዶች ነው፤ የ30 እና የ40 ካርዶች፣ ውድ የሆኑት ጭምር፣ ይህን ዓይነት አይፈቱም። በኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው አነስተኛ ግራፊክስም አይፈታውም። ሰው በውድ ዋጋ ራይዘን 9 እና አርቲኤክስ 4070 ገዝቶ እርስዎ የገለጹትን የምስል መቆራረጥ እንደገና የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሻጩ ዝርዝር ላይ ይህ ጉዳይ አንድም ቦታ አይጻፍም።

ስለዚህ ለእርስዎ የኢንቴልን ኮር አልትራ 7 265ኬ ፕሮሰሰር ከአርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ ጋር እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ቪዲዮውን መፍታት ስለሚችሉ አንዱ ቢሰናከል ሌላው አለ። ስትገዛ እህትዎ የፕሮሰሰሩን የመጨረሻ ፊደል አጥብቃ ትመልከት። «ኬኤፍ» ወይም «ኤፍ» የሚል ከሆነ ግራፊክሱ ተዘግቶ የወጣ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፣ እርስዎ የሚፈልጉት ክፍል ግን የለበትም። ካርድ ሲሰካ አንዳንድ ማዘርቦርድ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ በራሱ ስለሚያጠፋው ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ መልሶ ማብራት ያስፈልጋል። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩም የቅርብ ጊዜ ስሪት ይሁን፤ የቆየው ስሪት የአርቲኤክስ 50ን ችሎታ አያውቀውም።

የኤኤምዲው ኤኤም5 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚገጠምበት ቦታ) ለወደፊት ማሻሻያ ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ፤ እውነት ነው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. እስከ 2027ና ከዚያም በላይ እንደሚደግፈው ተናግሯል። ሆኖም አንድን ማሽን ከአሥር ዓመት በላይ ለሚጠቀም ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም፤ እርስዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገዙ ሁሉም ሶኬት ተለውጦ ይጠብቅዎታል።

ራም ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲዲአር5ን በሁለት ፍሬ ይግዙ እንጂ በኋላ ሁለት እጨምራለሁ ብለው አያስቡ፤ አራቱም ቀዳዳ ሲሞላ ፍጥነቱ በጣም ስለሚወርድ ዘንድሮ የሚያስፈልግዎትን መጠን በአንድ ጊዜ መያዝ ይሻላል። ዋጋውም ከ2025 መጨረሻ ወራት ጀምሮ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን ስለሚሻሙት፣ በእጅጉ ንሯል፤ ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለግል ተጠቃሚ ሲሸጥ የኖረውን ሥራ እንደሚያቆም በዲሴምበር 2025 እስከማሳወቅ ደርሷል። 64 ጊጋባይት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ በዚህ ዋጋ ግን 32 ይበቃዎታል። ሜሪላንድ ሮክቪል ያለው ማይክሮ ሴንተር የተባለው መደብር ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም አንድ ላይ በቅናሽ ስለሚሸጥ እህትዎ መጀመሪያ እዚያ ትጠይቅ።

መልስ 2፦ የጥገና ሰው (አዲስ አበባ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ መብራት ነው፤ እዚህ አገር ማሽን የሚገድለው እሱ ነውና።

ከአሜሪካ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ቢሆንም ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልዎት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው) ግን ከዚያ ፈጽሞ አታምጣ፤ የእነርሱ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው፤ በዚያ ላይ ባትሪው ከባድ ነው። እዚህ ሲገዙ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» (ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) የሚለውን ይምረጡ። የዛሬዎቹ ጥራት ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ክፍል ስላላቸው፣ ርካሹ ዩፒኤስ በሚያወጣው ደረጃ ደረጃ የሆነ ሞገድ ላይ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ድንገት ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውየውም ዩፒኤስ እያለኝ ለምን ጠፋ እያለ ይቸገራል። አቅሙንም በቪኤ ሳይሆን በዋት ይመልከቱት፤ 1000 ቪኤ የሚል ተጽፎበት 600 ዋት ብቻ የሚሸከም ብዙ አለ። ፕሮሰሰሩ በሙሉ ኃይል እስከ 250 ዋት፣ ካርዱ 180 ዋት ገደማ ስለሚስቡ፣ ሞኒተሩ ሲጨመር 900 ዋት ቢሆን ያለ ሐሳብ ይሠራሉ። የዩፒኤሱ ዓላማ ሥራውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ማጥፋት ነው፤ በባትሪ ኤክስፖርት ልጨርስ አይበሉ።

ኬዙን በተመለከተ፣ ኤቲኤክስ የሚባለው የማዘርቦርድና የኬዝ ልክ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያው ስለሆነ የብሎን ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ። የካርዱን ርዝመትና የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቁመት በሜትር ይለኩ፤ ከፊት አየር የሚያስገባ ወንፊት ከሌለው ግን እዚሁ ሌላ ቢገዙ ይሻላል። በሻንጣ ኬዝ ማስመጣት ቦታ ማባከን ነው። የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ያሳርፉት፤ ገመዶቹንም ቢሆን ወደ አዲሱ አያዛውሩ። ተነቃይ ገመድ ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች በኮምፒውተሩ በኩል ሶኬታቸው አንድ ቢሆንም በራሳቸው በኩል አደራደሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ የሌላውን ገመድ ሰክቶ ኤስኤስዲውን ከነፋይሉ ያቃጠለ ደንበኛ በእጄ አልፏል።

ባለ ትሪፖድ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ 4፡2፡2 የተጻፈውን ሻጭ ሁሉ ጠይቄ አጥቼው ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ አንድ ነጋዴ ያገለገለ ኮር አይ9-13900ኬ በጥሩ ዋጋ አቅርቦልኛል፤ 13ኛው ትውልድም ግራፊክስ አለው ብላችኋልና ልግዛው ወይ? ደግሞስ መግጠሙ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?

መልስ 3፦ ካቻቢቴ (አዳማ)

ያገለገለውን 13900ኬ ይተዉት። ኢንቴል ራሱ እንዳመነው የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ጠንካራ ፕሮሰሰሮች ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር፤ በ2024 የወጡት የማይክሮኮድ (በባዮስ በኩል የሚጫን የፕሮሰሰር መመሪያ) ማስተካከያዎች አዲሱን ጉዳት ይከላከላሉ እንጂ አስቀድሞ የደረሰውን አያድኑም። ኩባንያው ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል፤ ነገር ግን እጅ ለእጅ በተገዛ ዕቃ ላይ ዋስትናውን እዚህ ሆኖ ማስከበር ከባድ ነው። ያለፈው ባለቤት ባዮሱን መቼ እንዳደሰ ማወቂያም የለዎትም።

መግጠሙ በአብዛኛው ቀሏል። ዲስክን የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ጣጣ ቀርቷል፤ ኤም.2 ኤስኤስዲው ማዘርቦርዱ ላይ በአግድም ተሰክቶ በአንዲት ትንሽ ብሎን ይታሰራል። በላዩ የሚያርፈው የብረት ማቀዝቀዣ ከሥሩ ለስላሳ ላስቲክ አለው፤ በላስቲኩ ላይ የተለጠፈች ቀጭን ፕላስቲክ ስላለች ሳይልጡ እንዳይገጥሙት፣ ሙቀቱን ታፍነዋለችና። የድሮውን ሀርድ ዲስክ ለማኅደር የሚያስቀሩት ከሆነ የማዘርቦርዱን መመሪያ ያንብቡ፤ አንዳንዱ ላይ ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ የተወሰኑ የሳታ ወደቦች ይዘጋሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጥዎት የመጀመሪያው ማብራት ነው። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ «ድራም» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ደቂቃዎች ይቆያል። በእኛ ጊዜ ይህ ራሙ አልሠራም ማለት ነበር፤ ዲዲአር5 ግን በመጀመሪያው ቀን ራሱን ከፕሮሰሰሩ ጋር እያስተካከለ ነው። አያጥፉት፣ ራሙንም አይንቀሉ፤ መብራት እንዳይሄድብዎት በዩፒኤሱ በኩል አድርገው ይጠብቁት። ስክሪኑ ከመጣ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ፍጥነት ማስተካከያ ያብሩ፤ ያለዚያ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ይሠራል።

መልስ 1፦ ታይምላይን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ከአዳማ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዕቃው አንዴ አዲስ አበባ ከገባ የተበላሸውን መልሶ መለወጥ ስለማይቻል፣ እኔም ሜሪላንድ ስላለሁ፣ እህትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ከመብረራቸው በፊት ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ገጥሜ ባዮሱን አድሼ፣ አንድ ሌሊት ሲሠራ አሳድሬ ልመልስላቸው እችላለሁ። ያኔ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ውስጥ እንደተቆለፈ፣ ማዘርቦርዱ በራሱ ከረጢትና ሳጥን ሆኖ ይጓዛል፤ ካርዱና ኤስኤስዲው በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። የሶኬቱን ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አብሬ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ማዘርቦርዱ ወደፊት ለዋስትና ቢላክ ያለ እርሱ ላይቀበሉት ይችላሉ። ደረሰኞቹንም እህትዎ በእጃቸው ይያዙ፣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሊጠየቁ ስለሚችሉ።