ለቂሳርያ ጎብኚ ማዕከል ምን ሐሳብ ልስጥ?

የሐዴራዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስራኤል ውስጥ ባሕር ዳር ያለችው የጥንቷ ከተማ ቂሳርያ ፍርስራሽ ጋ አማርኛ ተናጋሪ ጎብኚዎችን በበጎ ፈቃድ አጅባለሁ። ገሚሶቹ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ገሚሶቹ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚመጡ ተሳላሚዎች። አሁን ጎብኚ ማዕከሉ ምን ይጨመርበት ተብለን ተጠይቀናል። እኔ ወሬዬን ከንጉሥ ሄሮድስ ነው የምጀምረው። ወደቡን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ22 እስከ 10 ባሉት ዓመታት እንዳሠራው ስናገር፣ ሰዉ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ተሳላሚዋ፦ እህቴ፣ ከፊልጶስ ጀምሪ! ጃንደረባውን ያጠመቀው ፊልጶስ እኮ ቤቱ ቂሳርያ ነበር። የሐዋርያት ሥራ 21፥8 ላይ አለ። እኔ ይህን ያስተዋልኩት አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እዚያው ቆሜ ቢነገረኝ ኖሮ እንባዬ ይመጣ ነበር። አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ይዘጋጅ በይ። ስሞቹ እንደ መጽሐፍ ቅዱሳችን ይጻፉ፦ ጲላጦስ፣ ቆርኔሌዎስ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተገኘው የጲላጦስ ስም ያለበት ድንጋይ ጋ ስትደርሱ፣ ዋናው ኢየሩሳሌም ሙዚየም እንዳለ ንገሪያቸው። ቂሳርያ የቆመው ቅጂ ነው።

የግንበኛው ልጅ፦ ለተሳላሚ ልክ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በሐዋርያት ሥራ አላደጉም። አባቴ ጎንደር ግንበኛ ነበር። ቂሳርያ ስወስደው ስለ ንጉሡ አንድም አልጠየቀኝም። ግንቡን እየዳሰሰ፣ «ኖራው ውኃ ውስጥ እንዴት ያዘላቸው?» አለኝ። የፋሲል ግንብም በኖራ የተያያዘ ነውና ነገሩ ገብቶታል። መልሱን ያገኘሁት በኋላ ነው። ከጣሊያን በመርከብ የእሳተ ገሞራ አመድ አምጥተዋል። አመዱ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ባሕር ውስጥም ይጠነክራል። እንዲያም ሆኖ የወደቡ ትልቁ ክፍል ዛሬ ውኃ ስር ነው። ስለዚህ ትንሽ ጠረጴዛ ጠይቂ። ኖራ፣ አመድ፣ የደረቀ ቁራጭ ይቀመጥበት፤ በእጃቸው ይንኩት። ከዚያ በኋላ አንቺ ሳትሆኚ እነሱ ናቸው የሚያወሩት።

ነርስ ነኝ፦ የፈረስ መሮጫው ሜዳ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ጥላና የጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበር ከሁሉም በፊት ይጻፍ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቆሞ ታሪክ አይሰማም። ውኃ መጠጫውና ሽንት ቤቱም ከመነሻው ይነገራቸው።

የሐዴራዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንበሩን አንደኛ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱም ሁለት ዓይነት ይሁን ብያለሁ፤ አንዱ ከፊልጶስ፣ አንዱ ከኖራው የሚጀምር። የግንበኛው ልጅ፣ አባትህ ፈቃደኛ ከሆኑ ጠረጴዛው ላይ ምን ምን እንደሚቀመጥ ከሳቸው ጋር ብነጋገር ደስ ይለኛል።