ማይ ኤስኪውኤል 8 ፕሮግራማችንን አስቆመው፤ ወደ ማሪያ ዲቢ ወይስ ወደ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ እንቀይር? ጥቆማ ስጡኝ

ሰላም_ፋርማ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመድኃኒት ቤታችን የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም በፒኤችፒ ቋንቋ የተሠራ ነው፤ ዳታውን የሚይዝልን ዳታቤዝ ማይ ኤስኪውኤል ነው፣ 5.7 ላይ ለዓመታት አላስቸገረንም። የ5.7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ስላበቃ 8ን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭነን ሞከርን። የይለፍ ቃልን ወደ ሚስጥራዊ ኮድ የሚቀይረው ፓስወርድ የሚባለው ፈንክሽን ስለተነሳ ሎግኢን እምቢ አለ፤ ግሩፕስ ያልነው ቴብል ኤረር ይሰጣል፤ የጥያቄን ውጤት ለድጋሚ የሚያስቀምጠው ኩዌሪ ካሽም የለም። የጻፈልን ልጅ ውጭ ሄዷል። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ኮድ_ፒያሳ፦ ዓይንሽን ጨፍነሽ ማሪያ ዲቢ! ፓስወርድ ፈንክሽኑም ኩዌሪ ካሹም አሉ፤ ካሹ ተዘግቶ ስለሚመጣ ትከፍቺዋለሽ። ከሱ ሌላ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ደንበኛ_ነበርኩ፦ እኔን የጎዳኝ ሆስቲንጉ (ሰርቨር የሚያከራየኝ ድርጅት) ነው፣ ስሙን አልጠራም። ዓርብ ማታ ሳይነግሩን ወደ 8 አሳደጉት። ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ ተሰልፎ ስክሪኑ ነጭ! ሰኞ ስልክ ሲያነሱ «ባክአፕ የራስዎ ኃላፊነት ነው» አሉኝ።

ቦሌ_ኔት፦ እኔም እንዲሁ ሆኜአለሁ። ስሙን በውስጥ ላክልኝ።

አዳማ_አይቲ፦ ውሉን አንብበኸዋል? ባክአፕ እኮ የባለቤቱ ነው።

ደንበኛ_ነበርኩ፦ አንተ ቅዳሜ ሱቅ ከፍተህ አታውቅም።

የድሮው_ሰው፦ ልጆች፣ የማይክሮሶፍት አክሰስን የሚያህል ዳታቤዝ የለም። የ97 ፋይሌ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አዳማ_አይቲ፦ አክሰስ 2013 የ97 ፋይል አይከፍትም፤ ፒቮት ቻርቱንም አውጥተውታል። ከዚያስ መዝገብ ደብተር ይግዙላት፣ እሱ ቨርዥን አይቀይርም።

የድሮው_ሰው፦ አክሰስ 2003ን ከኮምፒውተሬ ማን አጠፋው አለህ?

ሰርቨር_ክፍል፦ እህቴ፣ ከመቀየርሽ በፊት ይህን ሞክሪ። ኩዌሪ ካሹ ይቅርብሽ፤ ቴብሉ ላይ አንድ ነገር በተጻፈ ቁጥር የዚያን ቴብል ካሽ በሙሉ ይጥል ነበር። ስቶካችሁ በየሽያጩ ስለሚጻፍ ብዙም አልጠቀማችሁም። የመድኃኒት ኮዱና ቀኑ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ብታደርጊ ይሻላል። ግሩፕስ 8 ላይ የተያዘ ቃል (ዳታቤዙ ለራሱ ትዕዛዝ ያስቀመጠው) ሆኗል፣ ራንክም እንደዚሁ፤ ስሙን በባክቲክ (` ምልክት) መሃል አስገቢው። የፓስወርዱን ሥራ ወደ ፒኤችፒ አዙሪው፤ ፓስወርድ ሃሽና ፓስወርድ ቬሪፋይ አሉልሽ። የድሮው ሃሽ (ሚስጥራዊው ኮድ) ወደ ፓስወርድ ስለማይመለስ ሠራተኞቹ አዲስ ያውጡ። ግሩፕ ባይ (የሚመድበው ትዕዛዝ) ላይ ዴስክ (ከትልቅ ወደ ትንሽ) የተጻፈበት ካለ ኦርደር ባይ (የሚደረድረውን ትዕዛዝ) ጨምሪለት። ፖስትግሬስ ጎበዝ ነው፣ ግን ብዙ ኩዌሪ እንደገና ያስጽፋል፤ ልጁ በሌለበት አልመክርሽም።

ሰላም_ፋርማ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ባክቲኩ ሠራ፣ ግሩፕስ ተከፈተ። ሎግኢኑን ማታ ሱቅ ስንዘጋ አየዋለሁ።

ኮድ_ፒያሳ፦ ማሪያ ዲቢ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልሻል?

ቦሌ_ኔት፦ ስሙን እኮ አልላክህልኝም።

ጎንደር_ሶፍት፦ ይቅርታ በመሃል ገባሁ፤ ባክአፕ ስመልስ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ። ምን ይሻላል?

ሰርቨር_ክፍል፦ 5.7 ካልነገሩት አማርኛ የማይችለውን የፊደል ኮድ ላቲን 1ን ይይዛል፤ 8 ላይ አማርኛ ወደሚችለው ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ቀይረውታል። የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ስለማይመለስ ኦሪጅናሉን እንዳትነካው። ከሱ ዳምፕ (የዳታው ቅጂ ፋይል) አውጣና ቴብሉንም ኮኔክሽኑንም ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 አድርገህ ጫነው።