ቴታነስ ተወግቼ ትከሻዬ ተጎዳ፤ ካሳ መጠየቅ ይቻላል?

አናጢው ከጅማ፦
ሰላም ወገኖች። ሄርማታ አካባቢ በርጩማ እሠራለሁ። ዘንድሮ መሮ እጄን ቆረጠኝና አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ቁስሉን ሰፍተው ቴታነስ ወጉኝ። እኔ ቁጭ ብያለሁ፣ የወጋኝ ልጅ ቆሟል። እጅጌዬ አልጠቀለል ሲለው ኮሌታዬን ወደ ጎን ስቦ ትከሻዬ ጫፍ ላይ፣ አጥንቱ ሥር ሰካው። ማታውኑ ክንዴ አልነሳም አለ። ቁስሉ ድኗል፤ ትከሻዬ ግን ይኸው ወራት አለፉት። መላጊያ መግፋት አልችልም። ዋንዛው ተከምሮ ተቀምጧል፣ ትዕዛዝ እየመለስኩ ነው። ክሊኒኩ «መርፌ ያማል፣ ይለቅሃል» ብሎ ሸኘኝ። ክትባት አልጠላም፣ ልጆቼንም አስከትቤያለሁ። የሚያንገበግበኝ በአወጋግ ጥፋት እንጀራዬን ማጣቴ ነው።

ሲስተር፦
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ክትባቱ መሰጠት ያለበት ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ጡንቻው ወፍራም የሆነበት ላይ ነው። ከፍ ካለ መድኃኒቱ መገጣጠሚያው አካባቢ ገብቶ ያስቆጣዋል። ተራው ሕመም በጥቂት ቀን ይለቃል፤ ያንተ ግን እንደዚያ አይደለም። የአጥንት ሐኪም ይይህ። ትከሻህ ሳይደርቅ ፊዚዮቴራፒ ጀምር።

ጠበቃው፦
ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይካስ ይላል። በ2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት። አሠሪውም ለሠራተኛው ጥፋት ይጠየቃል። ግን አትዘግይ፤ በ2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ካለፈ ይርጋ ያግድሃል። የካርድህን ኮፒ፣ የሐኪም ማስረጃና የቀሩብህን ትዕዛዞች ሰብስብ። ለጠበቃ አቅም ከሌለህ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ።

ከአሜሪካ፦
እዚህ ለክትባት ጉዳት ራሱን የቻለ የካሳ ፈንድ አለ። የትከሻ ጉዳት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ ከጀመረና ከ6 ወር በላይ ከቆየ የነርሷን ጥፋት ማስረዳት እንኳ አይጠበቅብህም። አንተን አይመለከትህም፤ ግን ሕመሙ ማታውኑ መጀመሩን ሐኪሙ ካርድህ ላይ እንዲጽፍልህ አድርግ። ዋናው ነገር እሱ ነው።

አናጢው ከጅማ፦
ዕድሜ ይስጣችሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሲወጋኝ አጠገቤ ነበር። ምስክር ይሆነኛል?

ጠበቃው፦
ይሆንሃል እንጂ። ክሱ ላይ በማስረጃ ዝርዝሩ ስሙንና አድራሻውን አስገባ።