ልጄን በስምንተኛው ቀን ባስገርዝ ወደ ብሉይ ኪዳን መመለስ ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ አዲስ አባት (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለቤቴ ወንድ ልጅ ከተገላገለች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። አማቴ አራሷን ሊጠይቁ ከሐረር መጥተው አብረውን አሉ፤ ከመጡበት ሰዓት ጀምሮ ጣታቸውን እያጠፉ ቀን ይቆጥራሉ። ለአብርሃም የተሰጠ ኪዳን ስለ ሆነ ሕፃኑ በስምንተኛው ቀን መገረዝ አለበት ይላሉ። ትናንት ማታ ደግሞ የወንጌል አማኝ የሆነው የባለቤቴ ወንድም፣ የገንፎው ሳሕን ሳይነሣ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ገላትያ 5፥2ን አነበበልን፦ «ብትገረዙ ክርስቶስ ምንም አይጠቅማችሁም።» አማቴ መልስ አልሰጡም፤ ሕፃኑን ታቅፈው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ ሆኖም ይህን ጉዳይ አጥርቼ እንደማላውቀው የገባኝ ትናንት ነው። ጌታ «ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም» ብሏል። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ በ8፥13 «አዲስ በማለቱ ፊተኛውን አስረጅቶአል» ይልና የፊተኛውን ኪዳን አሮጌና ውራጅ ይለዋል። የምተዳደረው በልብስ ንግድ ስለ ሆነ ውራጅ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ገና የሚለበስ፣ ነገር ግን የሌላ ሰው የነበረ ልብስ ነው። ብሉይ ኪዳን ለእኛ እንዲህ ያለ ነገር ነውን? ካልተሻረ መሥዋዕት የማናቀርበው ለምንድን ነው? ከተሻረስ ዐሥርቱ ትእዛዛት ለምን ይጠበቁብናል? የቀረኝ ሦስት ቀን ነውና የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ 1፦ የወንጌል አገልጋይ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

እንኳን ደስ አለዎት ወንድሜ፤ ጌታ ልጁን ያሳድግልዎ።

የምንደናገረው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት ኪዳኖች ሁለት ብቻ ስለሚመስሉን ነው። እግዚአብሔር ከኖኅ ጋር በቀስተ ደመና ምልክት፣ ከአብርሃም ጋር፣ በሙሴ አማካይነት በሲና ከእስራኤል ጋር፣ ኋላም ከዳዊት ጋር ቃል ኪዳን አድርጓል። ኤርምያስ በምዕራፍ 31 አዲስ ኪዳን እንደሚመጣ ሲናገር የትኛው ኪዳን በአዲስ እንደሚተካ ለይቶ ነግሮናል፤ አባቶቻቸውን ከግብፅ ለማውጣት እጃቸውን በያዘበት ቀን ያደረገው፣ እነርሱም ያፈረሱት ኪዳን ነው፤ ይህም የሲናው ነው። ለአብርሃም የተሰጠው ተስፋ ግን አላረጀም፤ ጳውሎስም በገላትያ 3፥17 ከ430 ዓመት በኋላ የመጣው ሕግ ያንን ተስፋ ሊሽረው እንደማይችል ይከራከራል።

ዘፍጥረት 15ን ዛሬ ማታ ቢያነቡት እወዳለሁ። አብርሃም እንስሶቹን ለሁለት ከፍሎ ትይዩ አኖራቸው፤ እንደ ጥንቱ ልማድ ከሆነ ኪዳን የሚጋቡት ሰዎች በተከፈለው ሥጋ መካከል ያልፋሉ። ነገር ግን አብርሃምን ከባድ እንቅልፍ ወሰደው፤ በመካከል ያለፈው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው። ግዴታውን እግዚአብሔር ብቻውን ገባበት ማለት ነው። ግዝረት የታዘዘው ከዚህ በኋላ፣ በምዕራፍ 17 ነው፤ ስለዚህም ሮሜ 4፥11 ግዝረትን አብርሃም ሳይገረዝ ለነበረው እምነት ማኅተም አድርጎ ይቈጥረዋል።

የባለቤትዎ ወንድም ያነበበው ቃል እውነት ነው፤ ግን ሁለት ቍጥር ዝቅ ብሎ 5፥4ን ማንበብ ነበረበት፤ ቃሉ የተነገረው «በሕግ ልትጸድቁ የምትፈልጉ» ለተባሉት ነው። ይኸው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን በሐዋርያት ሥራ 16፥3 ገርዞታል፤ ቲቶን ግን ሊገርዙት የፈለጉትን እሺ አላላቸውም፤ በቲቶ ጊዜ የወንጌሉ እውነት ራሱ ተነክቶ ነበርና። ስለዚህ አማትዎ «ካልተገረዘ የእግዚአብሔር ልጅ አይሆንም» ካሉ የገላትያው ቃል በቀጥታ ይመለከታቸዋል፤ የአባቶች ወግ ነው ካሉ ግን አይመለከታቸውም። እርሳቸውን ሳይጠይቁ ግን ፍርድ አይስጡ።

መልስ 2፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር (ሐረር)

እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ካህን አይደለሁምና የንስሐ አባትዎን መጠየቅዎን አይተዉ፤ ሆኖም የተማርሁትን ላካፍልዎ።

«ውራጅ» ያሉት ነገር አሳዝኖኛል፤ ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። «ብሉይ ኪዳን» ስንል በአንድ ስም ሁለት ነገር እንጠራለን፤ አንደኛው በሲና የተደረገው ኪዳን ከነክህነቱና ከነመሥዋዕቱ ሲሆን ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው 46 መጻሕፍት ናቸው። ዕብራውያን ከምዕራፍ 7 እስከ 10 አረጀ የሚለው የሌዊን ክህነትና የእንስሳትን መሥዋዕት እንጂ መጻሕፍቱን አይደለም፤ ያን ክርክር ሲያቀርብም ከራሳቸው ከመጻሕፍቱ እየጠቀሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ144 በሮም ከቤተ ክርስቲያን የተወገዘው መርቅያን የብሉይን መጻሕፍት አውልቆ ሊጥል የፈለገ ሰው ነበር። የእኛ አገር ሰው ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በየዓመቱ ወደ ቁልቢ በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ ታኅሣሥ 19 የሚያከብረው ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያዳነበትን ቀን ነው፤ ይህም የዳንኤል መጽሐፍ ታሪክ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ የሚታሰቡት ክርስቲያኖቹ ሰማዕታት ቂርቆስና ኢየሉጣ ናቸው። በአንድ ደብር፣ በአንድ መልአክ ስም፣ ሁለቱም ኪዳናት ይዘከራሉ።

መሥዋዕት ለምን አናቀርብም ብለዋል። እናቀርባለን እንጂ! ሙሴ በዘጸአት 24 የደሙን እኩሌታ በመሠዊያው ላይ፣ እኩሌታውን በሕዝቡ ላይ ረጭቶ «የቃል ኪዳኑ ደም እነሆ» አለ። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ጌታ ጽዋውን አንሥቶ «የአዲስ ኪዳን ደሜ ይህ ነው» ሲል፣ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት አይሁድ ሐዋርያት የሙሴን ቃል ሳያስታውሱ አልቀሩም። በቅዳሴ የምንቀበለው ያንኑ አንድ ጊዜ የቀረበውን መሥዋዕት ስለ ሆነ የበግ ደም አያስፈልገንም። የግሪኩ ዲያቴኬ የሚለው ቃልም ኪዳንም ኑዛዜም ማለት ነው፤ ዕብራውያን 9፥16 ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው የሚለውም በዚሁ ቃል ተጠቅሞ ነው። አዲሱ ኪዳን በሞቱ የጸናልን ውርስ ነው።

ስለ ዐሥርቱ ትእዛዛት ኤርምያስን በጥንቃቄ ያንብቡት፤ «ሌላ ሕግ እሰጣቸዋለሁ» አላለም፤ «ሕጌን በልቡናቸው አኖራለሁ» ነው ያለው። ሕጉ ያው ሆኖ ጽላቱ ከድንጋይ ወደ ልብ ተለወጠ።

ግዝረትን በተመለከተ አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት መልሰውታል። የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) መልእክተኞች ኢትዮጵያውያን እንደ አይሁድ ይሠራሉ ብለው በከሰሱ ጊዜ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም የተናገረውን የጳውሎስን ቃል እንደሚያውቁ ገልጠው፣ የእኛ ግዝረት በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በህንድ ሰዎች ዘንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ የአገር ልማድ ነው ብለዋል። እኚህ ንጉሥ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር በተደረገው ጦርነት ነው፤ በጁገል ውስጥ በአሚር ኑር መቃብር አጠገብ ባለፍሁ ቍጥር ያ መግለጫ ትዝ ይለኛል። ከእኛ ከተማ ጋር በጦርነት የተገናኙት ንጉሥ የጻፉት ቃል ዛሬ በእርስዎ ቤት ያለውን ሙግት ሊያበርድ መቻሉ ይገርመኛል።

ወደ አዲሱ ኪዳን የሚገባው በአርባ ቀኑ በጥምቀት ነው። ቈላስይስ 2፥11-12 ጥምቀትን በእጅ ካልተደረገ መገረዝ ጋር አያይዞ የሚናገረው ስለዚህ ነው። አርባው ቀን ራሱ ደግሞ የኦሪት ቍጥር ነው፤ ዘሌዋውያን 12ን ይመልከቱ።

መልስ 3፦ አዋላጅ ነርስ (ሐረር)

የሃይማኖቱን ትምህርት ለሚያውቁት ትቼ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሕፃኑ ዐይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ መስሎ ከታየ፣ ወይም ጡት በደንብ ካልያዘ፣ አስቀድሞ በጤና ባለሙያ ይታይ፤ ግርዛቱም በቤት ውስጥ ሳይሆን በጤና ተቋም ይሁን። መምህሩ እንዳሉት ልማድ ከሆነ ቀኑ ቢያልፍ ኃጢአት አይሆንምና ስለ ቍጥሩ ብላችሁ ልጁን እንዳትጎዱት አደራ።

የጠያቂው ምላሽ፦ አዲስ አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተጻፈውን ለአማቴ አነበብሁላቸውና «እማዬ፣ ሳይገረዝ ቢቀር ይኰነናል ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆጣ ብለው «ማን እንዲህ አለ? የሚድነው በጥምቀቱ ነው። ጌታስ በስምንተኛው ቀን ተገርዞ የለ? ጥር 6 ቀን የምናከብረው ምን ሆነና ነው?» አሉኝ። የባለቤቴ ወንድምም ይህን ሲሰማ ይቅርታ ጠይቋቸው ጉልበታቸውን ሳመ።

በሰባተኛው ቀን የልጁ ዐይን ቢጫ መስሎ ስለ ታየን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ጥቂት ቀን ቆዩ ተባልን። ስምንተኛው ቀን እንዲሁ አለፈ። አማቴ አልተከፉም፤ አሁን የሚቆጥሩት ወደ አርባው ነው፤ ጣታቸው ስላልበቃቸው በየማለዳው በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል አንዳንድ መስመር ያሰምራሉ። የባለቤቴ ወንድም ግን በሕፃናት ጥምቀት አይስማማም፤ እርሱን ጥያቄ አርባው ሳይደርስ ለብቻው አቀርበዋለሁ።