ከአያቴ ጋር የማየው አኒሜ አለቀብኝ

ከፒያሳ ለቀን አራት ኪሎ ከተከራየን ወዲህ አያቴ ሰፈሩን መልመድ አቅቷቸዋል። ማታ ማታ ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፣ እናያለን። ሰብታይትሉን እያነበብኩ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ።

የጀመርነው «ማይ ኔበር ቶቶሮ»ን ነው። ሁለቱ እህትማማቾች አዲሱ ቤት ሲገቡ አያቴ «ቡና ሳያፈሉበት?» አሉ። ቀጥሎ «ስፒሪትድ አዌይ»። የልጅቷ ወላጆች አሳማ ሲሆኑ ምንም አላዘኑም። «ሳይጋበዙ በልተው ነዋ!»

አንደኛ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራው «ዎልፍ ችልድረን» ነው። እናትየዋ ሃና ትባላለች፣ ስሟ ራሱ የሰፈራችን ነው። ሁለት ልጆቿን ይዛ ገጠር ትገባለች። አትክልቱ አልበቅል ሲላትና ጎረቤቷ ሽማግሌ ድንች አተካከል ሲያሳዩዋት አያቴ ከሶፋው ብድግ ብለው ነበር።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ያው ቶቶሮን የሠራው የጂብሊ ስቱዲዮ ፊልም ነው ብዬ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ን ከፈትኩ። ከቶቶሮ ጋር በአንድ ቀን ነው ለእይታ የበቃው፤ ግን የጦርነት ታሪክ ነው። ትንሿ ልጅ በረሃብ ስትሞት አያቴ አልቅሰው እራት ሳይበሉ ተኙ። «ዋን ፒስ»ንም ሞክሬያለሁ። ከ1000 ክፍል በላይ ነው፣ ያውም በጩኸት። ሁለተኛው ላይ አንኮራፉ።

ቤት ለቆ አዲስ ቦታ መልመድን የሚያሳይ፣ ጦርነት የሌለበት፣ ንግግሩ የማይሮጥ ፊልም ወይም ከ13 ክፍል የማይበልጥ ተከታታይ የትኛውን ልክፈትላቸው?